ጋሽ ሽባባውና ሃያ ሦስት ዓመት የኖረው ድምፅ

አዲስ ዕቃ ገዝተህ ወደ ቤትህ ስትሄድ መንገድ ላይ ከሚያገኙህ አሥር ሰዎች ዘጠኙ "ይባርክልህ" ይሉሃል። አሥረኛው ዕቃው የሚሞትበትን ቀን ይነግርሃል። ይህ አሥረኛ ሰው የሌለበት ከተማ አለ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ የከተማውን ስም ይንገረኝ፤ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።

የእኛው አሥረኛ ሰው ክቡር አቶ ሽባባው ናቸው። ሥራቸው ከእንጅባራ ዳንግላ፣ ከዳንግላ እንጅባራ ሚኒባስ መንዳት ነው። ትውልዳቸው ዘንገና አካባቢ፣ ከአባት እስከ ቅድመ አያት ፈረሰኛ ከሆነ ቤት ነው። ማዕረጋቸው ግን ሌላ ነው፤ በመኪና ቴፕ፣ በስፒከርና በአምፕሊፋየር ዕድሜ ጉዳይ ይግባኝ የማይባልበት የመጨረሻው ችሎት እሳቸው ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ ሊነጥቃቸው የደፈረም የለም።

እኔ ቤቴ ዳንግላ፣ ቢሮዬ እንጅባራ ነው። ስለዚህ ላለፉት ስድስት ዓመታት ጠዋትና ማታ የጋቢናቸው ደንበኛ ነኝ። ከአለቃዬ ጋር ካሳለፍኩት ሰዓት ይልቅ ከጋሽ ሽባባው ጋር ያሳለፍኩት ይበልጣል፤ ከአለቃዬ ከተማርኩት ይልቅም ከእሳቸው የተማርኩት ይበዛል፤ አብዛኛውን ለመማር ባልጠይቅም።

የፍርድ አሰጣጣቸው ሥርዓት አለው። አዲስ ድምፅ ያስገጠመ ሹፌር ሲያዩ መጀመሪያ "እስቲ ጥርሱን ልየው" ይላሉ። ፈረስ ገበያ ላይ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርስ ስለሆነ ቴፕም የሆነ ቦታ ጥርስ አለው ብለው ያምናሉ። አዝራሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። የስፒከሩን ወረቀት በጣታቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉና ከኋላው ያሸቱታል። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ፍርዱ ይወጣል፤ "ሁለት ክረምት።" ዕድሜን የሚቆጥሩት በክረምት ነው። ዕቃ የሚገድለው የእንጅባራ እርጥበት እንጂ የቀን መቁጠሪያ አይደለም፣ በበጋማ ሁሉም ጎበዝ ነው ይላሉ።

የሚያናድደው ትክክል መሆናቸው ነው። ስልኬን "ሰባት ወር" ብለውት በሰባተኛው ወር ድምፄን ማስተላለፍ ተወ፤ ሚስቴ ሆን ብዬ ያኮረፍኳት መስሏት አንድ ሳምንት ተቀያይመን ነበር። ሌላ ጊዜ ለጉዳይ ቢሮአችን ብቅ ብለው አዲሷን ፕሪንተር አዩና "ይቺ ፋሲካን አትፈስክም" አሉ። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ወረቀት በአፏ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ጋሽ ሽባባው በግቢው ሲያልፉ ካየ የቢሮውን በር ይዘጋል።

እንዳልካቸው የሚባለው ወጣት ሹፌር የደረሰበትን ደግሞ መናኸሪያው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የኋላ ወንበሩን የሚያክል የስፒከር ሣጥን አስገጥሞ ሲገባ የሻይ ቤቱ ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ጋሽ ሽባባው ሚኒባሱን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሦስት ጊዜ መዞራቸው ራሱ መጥፎ ምልክት ነው። "ክረምቱን አያይም" አሉ። እንዳልካቸው ሣቀ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከአዲስ ቅዳም እልፍ እንዳለ፣ ዘፋኙ ቃሉን ሳይጨርስ ድምፁ ተቆረጠና የተቃጠለ ነገር ይሸት ጀመር። መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ፤ ዶሮ ይዛ የተሳፈረች ሴትዮ በእግሬ ይሻለኛል ብላ ወረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መናኸሪያው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ጋሽ ሽባባው ሊቅ ናቸው ይላል። ግማሹ አፋቸው ሟርት ነው ይልና አዲስ ቴፕ ሲያስገጥም እሳቸው እስኪያልፉ በፎጣ ይሸፍነዋል።

ሊቅነታቸውን ማንም እንዳይነካው ያደረገው ግን የራሳቸው መኪና ድምፅ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድያ ልጃቸው ፋና ዓመት በሞላት ሰሞን ነው ያስገጠሙት። እንዳልካቸው በሁለት ዓመት ሦስተኛውን ሲቀይር የእሳቸው ያው ነው፤ ከዳሽቦርዱ ላይ ፊቱ የተፋቀ ቴፕ፣ በየበሩ ውስጥ ስፒከር፣ ከጋቢናው ወንበር ሥር አምፕሊፋየር። ድምፁ ትልቅ አይደለም፤ ጥርት ያለ ነው። አዲስ ተሳፋሪ ሁሉ የድምፁን ዕድሜ እንዲገምት ይጠየቃል። ስድስት፣ ሰባት ዓመት ብሎ ይገምታል። ጋሽ ሽባባው መልሱን የሚናገሩት ማርሽ እየቀየሩ፣ ወደ ገማቹ ሳይዞሩ ነው። "ሃያ ሦስት።"

አያያዙ የፈረስ አያያዝ ነው። ቴፑ የሚከፈተው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ሞተሩ የሚጠፋው ቴፑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከእንጅባራ ስንወጣ ዘፈኑ በሹክሹክታ ነው፤ በዚያ ብርድ ስፒከር ማስጮህ ማለት ያልሞቀ ፈረስ መጋለብ ነው። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ሶምሶማ ይፈቀዳል። ግልቢያ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ባለው ደልዳላ መንገድ ላይ ብቻ ሲሆን እሱም ከግማሽ አያልፍም። ዳንግላ መግቢያ ላይ እንደገና ዝቅ ይላል፤ ሲሮጥ የመጣ ፈረስ ድንገት አይቆምም። አቧራው የሚጠረገው በፈረስ ጭራ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በአገውኛ አንድ ሁለት ቃል ይሉታል። ምን እንደሚሉት ጠይቄአቸው "አንተን አይመለከትም" ብለውኛል።

የአያያዙ ቁንጮ ግን ደባቡ ነው። የመጨረሻው ፈረሳቸው ዳማው የሞተው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ዘንገና ወንድማቸው ዘንድ ነው። በበዓል የሚለብሰው ባለጥልፍ ደባብ ያለ ሥራ ቀረ። ጋሽ ሽባባው ይዘውት መጡና ለአምፕሊፋየሩ አለበሱት። በየጉዞው ማብቂያ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብለው በደንብ ይጠቀልሉታል። ያላበው ፈረስ ብርድ ከመታው አለቀለት፤ አምፕሊፋየርም ሲሠራ ይሞቃል፤ የሞቀ ሁሉ ይሸፈናል። ክርክሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን "እጅህን ወደዚያ አስገባ" አሉኝ። ከወንበሩ ሥር፣ ከደባቡ ጥግ፣ ቀዝቃዛ ንፋስ መዳፌን ነካው። ከየት እንደሚመጣ ብጠይቃቸው "ይተነፍሳል፤ ሃያ ሦስት ዓመት የኖረ ዕቃ መተንፈስ ይለምዳል" አሉኝ። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

እንግዲህ እኔ ጋዜጣ ላይ ትንሽ ትንሽ የምጽፍ፣ ከዚያ ውጭ ግን ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ። የማላውቀው ነገር ግን ያሳክከኛል። ለስብሰባ ባሕር ዳር የሄድኩ ጊዜ አንድ የታወቀ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አፈላልጌ ጠየቅሁት። ቴፕ ዕድል ከቀናው አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይሄዳል አለኝ። ስፒከር እንደ እናንተ አገር ዝናብ ባለበት ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ነው አለ። አምፕሊፋየርን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ አየር ካገኘ ብዙ ይኖራል አለ። ይሄኛውስ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው የሚኖረው ስለው ደግመህ ንገረኝ አለኝ። ደግሜ ነገርኩት። ዓመት አይሞላውም አለና ሰውዬው ፈቃደኛ ከሆኑ አምጥቼ እንዳሳየው ለመነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋቢናው ውስጥ ስቀመጥ ሐሳቤ ከወንበሩ በታች ሆነ። በዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ መሞት የነበረበት ዕቃ ምን ሆኖ ነው የሚዘፍነው?

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለሁ የፋና ጉዳይ መጣ። ፋና እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፉ በአባቷ እጅ ያደገች ልጅ ናት። የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ባለፈው ኅዳር ዳንግላ ዋናው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ሱቅ ከፈተች፤ ከኋላው ባለችው ጠባብ ክፍል ትኖራለች። የመኪና ድምፅ ትገጥማለች፣ ትጠግናለች። እጇ የተባረከ ነው። ሽቦ ስትዘረጋ ላየ ጥልፍ የምትጠልፍ ይመስለዋል። ችግሯ አንድ ብቻ ነው፤ አባቷ በቀን አራት ጊዜ በበሯ ያልፋሉ።

ማለፍ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ተሳፋሪ እንደጫኑ ከሱቁ ፊት ይቆሙና አንገታቸውን በመስኮት ያወጣሉ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ምሳ በላሽ ወይ የለ። ፋና የምትገጥመውን ዕቃ ያዩና "ሁለት ክረምት" ይላሉ፤ ሲብስባቸው "አንድ"። ከዚያ ይነዳሉ። ደንበኛው ፋናን ያያል፣ ዕቃውን ያያል፣ የሚሄደውን ሚኒባስ ያያል። የገዛ አባቷ እንዲህ ካሉ እኔ ምን ቤት ነኝ ይልና ቀጠሮ እንዳለበት ያስታውሳል። በጥር የመጡት ደንበኞች በሚያዝያ ግማሽ ሆኑ፤ በሰኔ ቀኑን ሙሉ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መንገዱን የምታይበት ጊዜ በዛ።

አንድ ማታ ሱቁ ፊት ከጋቢናው ስወርድ ፋና በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። "አባዬ፣ እባክዎ እዚህ አይቁሙብኝ" አለች።

"እውነት ተናገርሁ እንጂ ምን አደረግሁ?" አሉ ጋሽ ሽባባው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። በማግስቱ እዚያው ቆሙ።

ፋና ለእኔ የነገረችኝን ለእሳቸው አልነገረቻቸውም። አዲስ አበባ አብራት የተማረች ጓደኛ አለቻት፤ አብረን እንሥራ ትላታለች። ክረምቱ እንዲሁ ካለፈ ለመስከረም ሱቁን ዘግታ ትሄዳለች። ስትነግረኝ እጇን በጨርቅ ትጠርግ ነበር፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም። ያን ዕለት ሥራ አልነበራትም።

በሐምሌ አንድ እሁድ ጠዋት እንጅባራ ወጣሁ። ጋሽ ሽባባውን ልጠይቃቸው ነው ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። እውነቱን ለመናገር እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደሆኑ፣ ሚኒባሱም ግቢ ውስጥ እንደሚቆም አውቃለሁ። ያን ደባብ ገለጥ አድርጌ አንድ ጊዜ ለማየት ስድስት ዓመት ታግሻለሁ። የግቢያቸው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገባሁ። ከሚኒባሱ የጋቢና በር ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

ፋና ናት። ካቻቢቴ በጥርሷ ነክሳ፣ ክንዷን እስከ ብብቷ ከወንበሩ ሥር አስገብታለች። ስታየኝ አልደነገጠችም፤ ባትሪ ሰጠችኝና እዚህ ጋ አብራልኝ አለችኝ። ደባቡ ተገልጦ በጥንቃቄ ታጥፎ ነበር። እያበራሁላት ሁሉንም ነገረችኝ።

አምፕሊፋየሩ የሞተው ደባቡን በለበሰ በሰባተኛው ወር ነበር። ፋና ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዳማው ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ አባቷ ይህንንም ሲያጡ ማየት አልፈለገችም። እሁድ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ በወጥ ቤት ቢላ ፈታችው፤ አበላሽታ አበላሽታ በሦስተኛው እሁድ ተናገረ። በሚቀጥለው እሁድ አባቷ ዳሽቦርዱ ላይ የረሱት ካቻቢቴ አገኘች፤ ዛሬም የምትሠራው በሱ ነው። ወደ ሙያው የገባችው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ውስጡን ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቀይራዋለች። የበሮቹ ስፒከሮች ሦስተኛ ትውልድ ናቸው። የቴፑ አንጀት ከሌላ ቴፕ የመጣ ነው። ደባቡን ማስወለቅ ስላልቻለች ከተጣለ ኮምፒዩተር ትንሽ ማራገቢያ ነቅላ ከሥሩ ገጠመችለት። የሚተነፍሰው እሱ ነው። ከሃያ ሦስት ዓመቱ ዕቃ እስካሁን የቀረው የፊቱ ሽፋንና አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው።

ዳንግላ ከገባች በኋላም እሁድ እሁድ በመጀመሪያው መኪና ትመጣለች። እሳቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ እጇን ታጥባ ምሳ ስትሠራ ያገኟታል። አሁን አሁን ብዙ ሥራ የለውም አለችኝ፤ በየሳምንቱ አንድ ሽቦ ላልቶ ታገኘዋለች፣ መንገዱ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ለመናኸሪያው ብትነግሪ ነገ ሱቅሽ ይሞላ የለም ወይ አልኳት። ሽቦውን አጥብቃ ጨረሰች።

"አባቴን በዚች ከተማ የሚያኮራቸው ይኸ ብቻ ነው" አለች። "እሱን ወስጄ ምን ልሰጣቸው?"

እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ። ገባሁ። ቃሌን አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ወገኔ የመኪናውን ሙሉ ድምፅ ፋና ዘንድ አስገጠመ። ወገኔ ከአዲስ ቅዳም ከሰል የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ነው። እሱ ከወደደው ሌሎቹ የአይሱዙ ሹፌሮች ይከተሉታል፤ እሱ ካኮረፈ ፋና ከመስከረም በፊት ሻንጣዋን ማዘጋጀት ትችላለች። መኪናውን የሚረከበው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ሽባባው እኔን ይዘው ዳንግላ የሚደርሱትም ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ከእንጅባራ እንደወጣን ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ዘፈኑ በሹክሹክታ ላይ ነበር።

"ጋሽ ሽባባው፣ ይሄ አምፕሊፋየር ሃያ ሦስት ዓመቱ አይደለም" አልኩ። የቀረውን እንዴት እንደተናገርኩት አላስታውስም። እሁዱን፣ ማራገቢያውን፣ ቢላውን ሁሉ ዘረገፍኩት። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ቴፑን ዘጉት።  አዲስ ቅዳም ደረስን፤ ሶምሶማ አልነበረም። አዲስ ቅዳምን አለፍን። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ድምፃቸውን ቀነሱ።

"የእኔን ፈረስ ማን እንደሚጭነው የማላውቅ መሰለህ?" አሉ በመጨረሻ።

ገና ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ ያውቁ ነበር። የብሎኖቹ ራስ በቢላ ተቦጫጭሮ ነበር፤ የወጥ ቤቱ ቢላም ጫፉ ተጣሞ ነበር። ማራገቢያውን ያገኙት በተገጠመ በሦስተኛው ቀን ነው። አይተው ሣቁና መልሰው ሸፈኑት።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ብናገር ታፍራለች፤ ካፈረች ትተወዋለች።" መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ዳንግላ ከገባች ወዲህ ደግሞ ያለችኝ እሁድ ብቻ ናት። በቀን አራት ጊዜ በበሯ አልፋለሁ። በመኪና መስኮት ልጅ አይጠገብም። ምን እንደምላት እንኳ ይጠፋኛል፤ አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው የዕቃ ነገር ነው። ዕቃው ደግሞ አሁን ቢሉት ቢሉት አይበላሽ፤ አሳምራ ሠርታዋለች። ደህና ከሆነ ምን ብላ ትመጣለች? እና ቅዳሜ ማታ መኪናዋን ሳቆም አንዲት ሽቦ ላላ አደርጋለሁ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ የመኪና ድምፅ ስንት ዓመት እንደሚኖር ስጠይቅ ኖሬ መልሱን ያገኘሁት በዚያ ሰዓት ነው። የቀረኝ አንድ ክፉ ወሬ ብቻ ነበር፤ እሱን ተናገርኩት። ሱቁ እየሞተ እንደሆነ፣ የሚገድለውም የእሳቸው አፍ እንደሆነ፣ ለመስከረም ፋና አዲስ አበባ እንደምትሄድ ነገርኳቸው።

ይህን አያውቁም ነበር። "ለመስከረም?" አሉ።  በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ደልዳላ መንገድ መኪናውን ራሱን ጋለቡት።

ዳንግላ ስንደርስ ወደ መናኸሪያው አልታጠፉም። ተሳፋሪ እንደሞላ ቀጥ ብለው ሄደው ፋና ሱቅ ፊት ቆሙ። ወገኔ ከአይሱዙው አጠገብ ነበር፤ ሁለት ሌሎች ሹፌሮችም አብረውት ነበሩ። እንዳልካቸውም ለፊውዝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሚኒባሱን ሲያይ ወገኔ ቀስ ብሎ በአዲሱ ቴፕና በጋሽ ሽባባው መካከል ገባ። ፋና ካቻቢቴዋን እንደያዘች ከሱቁ ወጣች።

ጋሽ ሽባባው ከጋቢናው አስወረዱኝ። ወንበሩን ገለበጡ፣ ደባቡን አነሱ፣ እጃቸውን ወደ ፋና ዘርግተው ካቻቢቴውን ተቀበሏት። አምፕሊፋየሩን ፈትተው፣ ሽቦው እንደተንጠለጠለ ይዘውት መጡና በጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

"ይኸን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው እያልሁ ስኮራባችሁ ኖሬያለሁ" አሉ ለሹፌሮቹ። "ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታስነሣው የኖረች ይቺ ልጅ ናት። እኔ ያኖርሁት የፊቱን ሽፋን ብቻ ነው።"

እንዳልካቸው ሳይፈልግ ሣቅ አመለጠው። ጋሽ ሽባባው ሰሙት፤ አልዞሩም። ነገ ጠዋት ይህ ነገር መናኸሪያውን እንደሚሞላው፣ ከእንግዲህ ተሳፋሪ ፊት "ሃያ ሦስት" ማለት እንደማይችሉ ያውቃሉ። ከተሳፋሪዎቹ ግማሹ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል። ጆሮአቸው ቀልቶ ነበር። እኔ ያን ጆሮ ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት አየሁ።

"አባዬ" አለች ፋና ቀስ ብላ፣ "ያውቁ ነበር?"

"ይኸን ካቻቢቴ ዳሽቦርዱ ላይ የረሳሁት መስሎሽ ነው?" አሉና መለሱላት። እጀታው ላይ ያለው ቀለም በዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሙሉ ለቅቋል። ፋና ካቻቢቴውን ተቀብላ ስታየው ቆየች።

ወገኔ ፈራ ተባ እያለ፣ የኔስ ስንት ይኖራል አላቸው። ጋሽ ሽባባው አይሱዙው ላይ ወጡ። አዝራሮቹን ተጫኑ፣ ስፒከሩን አሸተቱ፣ መዳፋቸውን አምፕሊፋየሩ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመቼውም ይልቅ ቆዩ። ልጃቸው ብትሆንም አይዋሹም፤ ያን ሁላችንም እናውቃለን።

"እሷ እያየችልህ ከሆነ ከመኪናህ ይበልጣል" አሉ። ወገኔ ፈገግ ሲል ግን አላስቻላቸውም። "መኪናህ ሦስት ክረምት።"

ፋና አምፕሊፋየሩን ያን ማታውኑ መልሳ ገጠመችላቸው፤ በዚያው ሳምንት አምስት አይሱዙ መጣ። መናኸሪያውም እንደተፈራው ሣቀ። ጋሽ ሽባባው ሲገቡ አንዱ ለአንዱ "ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ" ይለዋል፤ እሳቸው ያልሰሙ መስለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እኔን ያሳሰበኝ ሣቁ አልነበረም። ምስጢሩ ወጥቷል፤ ፋና ከእንግዲህ በድብቅ የምትጠግነው ነገር የለም። ሱቋም ስለሞላ እሁድን እንኳ ልትሠራበት ትችላለች። እሳቸው ሱቁን ሲያተርፉላት ያለቻቸውን አንድ ቀን አብረው ሰጧት መሰለኝ። ያን ሳምንት ለእኒህ ሰው ያለቀስኩበት ጊዜ ነበር ብል አላፍርም፤ ለካ እወዳቸዋለሁ።

እሁድ ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ እንጅባራ ወጣሁ። አራት ሰዓት ሆኗል። ጋሽ ሽባባው ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ትናንት ማታ ሽቦ እንዳልነኩ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ከእንግዲህ ማንን አታልላለሁ አሉ። ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልኳቸው። አዎ፣ በዝቶባት ይሆናል አሉ። ይህንኑ ሁለት ጊዜ ተባባልን።

በሩ ተገፋ። ፋና ናት፤ የዕቃ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታለች። አባቷን ስማ ቀና አለች።

"ምን ሆነ ብለሽ መጣሽ?" አሉ ጋሽ ሽባባው። "ደህና ነው እኮ።"

"ምንም አልሆነም" አለች። "እንዲሁ ልየው ብዬ ነው።"

ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሚኒባሱ ሄደች፤ የጋቢናውን በር ከፈተችና ከወንበሩ ሥር ገባች። ጋሽ ሽባባው ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ በትራቸውን ፈለጉ።

"በል እንግዲህ" አሉኝ፣ "እኔ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ።"

ቅዳሴው ካለቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ከወንበሩ ሥር የፋና ድምፅ መጣ። "በደህና ይመለሱ፣ አባዬ" አለች።

እስከ ምሳ ሰዓት አልተመለሱም።